የእናቴ ጨጓራና የፈረሰው አጥር

እናቴን ጨጓራ የሚያማት በበርበሬ ምክንያት እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ለዓመታት ያምን ነበር። አልጫ ሠራንላት፣ ተልባ በጥብጠን አጠጣናት፣ ቡናም አስቀነስናት፤ ሕመሙ ግን ጋብ ይልና እንደገና ይነሣ ነበር። በመጨረሻ በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ተገኘባት። ዛሬ የምጽፈው ያን ጊዜ ማንም ያላስረዳንን ነገር ነው።

የጨጓራ አሲድ የበላነውን ሥጋ የሚያሟሟ ኃይለኛ ፈሳሽ ነው፤ ጨጓራው ራሱ ሥጋ ሆኖ ሳለ የማይሟሟው በሚገባ ስለታጠረ ነው። የውስጥ ግድግዳውን የሚሸፍነው ዝልግልግ ንፍጥ አሲዱን የሚያረክስ ባይካርቦኔት ስለያዘ፣ የጨጓራው ፈሳሽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል፣ 7 ገለልተኛ ነው) 2 አካባቢ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ ከሴሎቹ አጠገብ ያለው ወደ 7 ይጠጋል። ከንፍጡ ሥር ያሉት ሴሎች ደግሞ በአንድ ረድፍ ተደርድረው፣ አሲድ በመካከላቸው ሾልኮ እንዳያልፍ በፕሮቲን ማያያዣዎች እርስ በርሳቸው ተቆላልፈዋል።

ኤች ፓይሎሪ ይህን አጥር የሚያልፈው በዘዴ ነው። ዩሪየዝ በተባለ ኢንዛይም በጨጓራ ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያረክሳል፣ ንፍጡንም ያቀጥነዋል፤ ከዚያም በጅራቱ እየዋኘ ወደ ሴሎቹ ይጠጋል። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ካግኤ የተባለ ፕሮቲን በመርፌ መሰል መሣሪያ ወደ ሴሉ ውስጥ ይወጋሉ፤ በዚህም ሴሎቹን ያቆላለፈው ማያያዣ ይላላል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የገዛ አካላችን ድርሻ ነው። ባክቴሪያውን ለመግደል የሚጎርፉት ነጭ የደም ሴሎች የሚረጩት ኬሚካል የራሳችንንም ሴሎች ይጎዳል፤ እርስ በርስ የሚጠራሩባቸው ምልክቶችም ማያያዣውን ይበልጥ ያላሉታል። አብዛኛው ባክቴሪያ በንፍጡ ውስጥ ስለሚሸሸግ ውጊያው በድል አይጠናቀቅም፤ ብግነቱ (የጨጓራው ሥጋ መቆጣት) ለአሥርት ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ብዙዎች ባክቴሪያውን ይዘው ምንም አይሰማቸውም፤ አጥሩ የፈረሰባቸው ግን አሲዱ ሥጋቸውን እየበላ ቁስለት ይፈጥርባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ባክቴሪያውን በ1994 እ.ኤ.አ. ከካንሰር አምጪዎች ተርታ መድቦታል።

ጨጓራን የሚያሳምመው ባክቴሪያ መሆኑን ለማሳመን ቀላል አልነበረም። በፐርዝ፣ አውስትራሊያ፣ ከሐኪሙ ሮቢን ዋረን ጋር ይሠራ የነበረው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ የጨጓራ ብግነት ያዘው፤ ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።

እናቴ ለጉልበቷ ሕመም ዳይክሎፌናክ አዘውትራ ትወስድ ነበር፤ ይህ መድኃኒት ንፍጡ እንዲመነጭ የሚያዘውን ፕሮስታግላንዲን ስለሚቀንስ፣ በተጎዳው አጥር ላይ ሌላ ጉዳት ጨመረባት። የታዘዙላትን ሁለት አንቲባዮቲኮችና አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለ14 ቀን መውሰድ ሲገባት፣ ስለተሻላትና ክኒኑ አፏን ስላመረራት በስድስተኛው ቀን አቋረጠች። የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሊለምድ እንደሚችል የነገራት አልነበረም። ሕመሙ ሲመለስ ሌሎች መድኃኒቶች ታዘዙላት፤ በዚህኛው ዙር ክኒኑን በየዕለቱ እየቆጠርኩ ሰጠኋት። ከጨረሰች ከአንድ ወር በኋላ በድጋሚ ተመረመረች፤ ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ከምርመራ ሊሰውረው ስለሚችል ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት እንዳትወስደው ተደርጎ ነበር። ባክቴሪያው አልተገኘባትም።