የትሮሊንግ ሞተሬ ባትሪና ቻርጅ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጀልባዬ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ትሮሊንግ ሞተር፣ ማለትም ዓሣ ሲጠመድ ጀልባን በዝግታ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር፣ ባለ 12 ቮልት ነው። ግፊቱ 55 ፓውንድ ነው። ሞተሩን መግጠም ራሱ ቀላል ሥራ ነው። ማሰሪያዎቹን ታጠብቃላችሁ፣ ዘንጉን ውሃ ውስጥ ታወርዳላችሁ፣ አለቀ። ጊዜ የሚበላው ከጀርባው ያለው ነው፦ ባትሪው፣ ገመዱ፣ ብሬከሩ (አምፔር ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው)፣ ቻርጀሩ። እዚያ ላይ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው «ስንት አምፔር-ሰዓት ባትሪ ልግዛ?» ብሎ ነው፤ አምፔር-ሰዓት የባትሪው አቅም መለኪያ ነው። እኔ አሁን ጥያቄውን ገልብጬዋለሁ። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ሞተሩ ስንት አምፔር እንደሚስብ ነው። እሱ ከታወቀ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይወጣል።

ባለ 55 ፓውንድ ሞተር በሙሉ ፍጥነት እስከ 50 አምፔር ይስባል። በ12 ቮልት ሲባዛ 600 ዋት መሆኑ ነው። ይሄ ግን ጣሪያው ነው እንጂ የዘወትር ፍጆታው አይደለም። ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የሚፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በጣም ቀድሞት ይሮጣል። በግርድፉ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ተገላቢጦሹም ያው ነው፦ ትንሽ ዝግ ስትሉ ባትሪው ብዙ ይተርፋል። ከሙሉ ፍጥነት ጥቂት መቀነስ ትልቅ ባትሪ ከመግዛት በላይ ሰዓት ይጨምራል፤ ያውም በነፃ።

እዚህ ላይ የሞተሩ ዓይነት ልዩነት ያመጣል። ባለ 5 ደረጃ የሚባሉት የቆዩት ሞተሮች በዝቅተኛ ፍጥነት የተወሰነውን ኃይል ወደ ሙቀት ቀይረው ያባክኑታል። ፍጥነታቸው ያለ ደረጃ የሚስተካከል ዲጂታል ሞተሮች ግን ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እያበሩ እያጠፉ ስለሚመጥኑት በዝግታ ሲሄዱ በጣም ቆጣቢ ናቸው። የእኔ ከዚህኛው ወገን ነው። መቆጣጠሪያውን ግማሽ ላይ ሳደርገው የሚስበው ከሙሉው ሩብ እንኳ አይሞላም።

ይህን ያወቅኩት በክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ገመዱን አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ፣ ለክቼ ነው። ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ርካሾቹ ክላምፕ ሜትሮች የሚለኩት የቤት ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ኤሲ ብቻ ነው። የባትሪ መስመር ላይ ብታንጠለጥሉት ዜሮ ብሎ ቁጭ ይላል። ዲሲ፣ ማለትም የባትሪ ኤሌክትሪክ፣ አምፔር እንደሚለካ ሳታረጋግጡ አትግዙ።

ወደ ባትሪው ልግባ። መጀመሪያ የተጠቀምኩት ፈሳሽ ያለው የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ነበር፤ ዲፕ ሳይክል የሚባለው፣ 100 አምፔር-ሰዓት። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ስስና ብዙ ናቸው፤ ለጥቂት ሰከንድ ኃይለኛ ጉልበት እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ደጋግማችሁ እስከ ታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል። የዲፕ ሳይክሉ ሰሌዳ ወፍራም ነው፤ ለሰዓታት ቀስ እያለ መስጠት ይችላል።

ችግሩ ባትሪው ላይ የተጻፈው 100 ሙሉ በሙሉ የእናንተ አለመሆኑ ነው። ቁጥሩ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ በ20 ሰዓት ነው፤ 5 አምፔር ለ20 ሰዓት እንደማለት። 50 አምፔር ሲሳብበት ግን የእርሳስ ባትሪ አቅሙ ይሸበሸባል። በተለመደው ስሌት ከ60 አምፔር-ሰዓት ብዙም የዘለለ አይሰጥም። በዚያ ላይ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። እንግዲህ አስቡት፦ 100 የተባለው ባትሪ በሙሉ ፍጥነት 40 ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ነው። በዝግታ ከሄዳችሁ ግን ያው ባትሪ ብዙ ሰዓት ያቆያችኋል። «በባትሪው ተታለልኩ» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የተታለሉት በስሌቱ ይመስለኛል።

አሁን ያለሁት ሊቲየም ላይ ነው፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት። ያው 100 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ነገር ግን ሌላ ባትሪ ነው የሚመስለው። ከሞላ ጎደል ሙሉውን መጠቀም ይቻላል። 50 አምፔር ቢሳብበትም አቅሙ ብዙም አይቀንስም። ክብደቱ ደግሞ የእርሳሱን ግማሽ አይደርስም፤ የእርሳሱ 30 ኪሎ ገደማ ሲሆን ይሄኛው 12 ኪሎ አካባቢ ነው። ባትሪ ተሸክሞ ወደ ውሃ ዳር የሚወርድ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ወገቡ ይነግረዋል።

ሊቲየም ስትገዙ አምፔር-ሰዓቱን ብቻ አትዩ። ውስጡ ቢኤምኤስ የሚባል ጠባቂ ሰርኪውት አለ። ቮልቱ በጣም ሲወርድ ወይም ሲወጣ፣ አምፔሩ ሲበዛ፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ባትሪውን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ያለማቋረጥ ስንት አምፔር እንደሚያሳልፍ ጠይቁ። ሞተራችሁ 50 የሚስብ ከሆነ ልኩ 50 የሆነ ቢኤምኤስ አፋፍ ላይ መቆም ነው። እኔ 100 የሚያሳልፍ መርጫለሁ። ሌላው፣ የሊቲየም ቮልት ከእርሳሱ ከፍ ስለሚልና ስለማይወርድ አንዳንድ አምራቾች በሊቲየም ለረጅም ጊዜ በሙሉ ፍጥነት አትሂዱ ብለው መመሪያቸው ላይ ይጽፋሉ። የሞተራችሁን መመሪያ አንብቡ።

አንድ ያልለመድኩት ነገር የቀረውን ማወቅ ነው። የእርሳስ ባትሪን አሳርፋችሁ ቮልቱን ብትለኩ ይናገራል፦ 12.6 ወይም 12.7 ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.1 አካባቢ ግማሽ ነው፤ 11.8 ከሆነ ባዶ ነው በሉት። ሊቲየሙ ግን 13 ቮልት አካባቢ ይቀመጥና እስከ መጨረሻው ድረስ ብዙም አይነቃነቅም። ከዚያ ድንገት ይወድቃል። ሞተሩ ላይ ያሉት የባትሪ መብራቶች ለእርሳስ የተሠሩ ከሆኑ በሊቲየም አትመኗቸው። ሁነኛው መፍትሔ የገባና የወጣ አምፔር የሚቆጥር ሞኒተር ነው። በነጌቲቩ መስመር ላይ ይገጠማል፤ የቀረውን በመቶኛ ይነግራችኋል። እኔ ገጥሜዋለሁ፤ ከሁሉም ዕቃ በላይ የወደድኩት እሱን ነው። ፍጥነቱን ነካ ባደረግኩ ቁጥር አምፔሩ ሲወጣና ሲወርድ አየዋለሁ። ሣር ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም እንኳ አምፔሩ ቀድሞ ያሳብቃል።

ገመድ ላይ ሰዎች ይቆጥባሉ። አይገባኝም። ባትሪዬ ኋላ ነው፣ ሞተሩ ፊት ነው፤ መሀላቸው 5 ሜትር አለ። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሚታሰበው 10 ሜትር ነው። በ50 አምፔር፣ በ10 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ መንገድ ላይ የሚጠፋው 0.9 ቮልት ገደማ ነው። በ12 ቮልት ሲስተም ይሄ ከ7 በመቶ በላይ ነው። ገመዱን ወደ 16 ሳሳድገው ወደ 0.55 ይወርዳል፤ 25 ሲሆን 0.35። እኔ 25ቱን ነው የዘረጋሁት። የጠፋው ቮልት ሞተሩ ጋ አይደርስም፤ ገመዱን ነው የሚያሞቀው። ባትሪውን ወደ ፊት ማምጣት ከቻላችሁ ደግሞ ገመዱ ያጥራል፤ ግን የጀልባውን ሚዛን አብራችሁ አስቡ።

የገመዱ ጫፎች በደንብ መጨመቅ አለባቸው። ባትሪው ላይ ደግሞ በእጅ የሚጠብቁትን ባለ ክንፍ ዳዶዎች አውጥቼ በመፍቻ የሚጠብቁ፣ የማይፈቱ ዳዶዎች አድርጌያለሁ። ጀልባ ይንቀጠቀጣል፤ በእጅ የጠበቀ ነገር ይላላል፤ የላላ ግንኙነት 50 አምፔር ሲያልፍበት ይግላል። ከትንሽ ጉዞ በኋላ ተርሚናሎቹን በእጅ ጀርባ ጠጋ ብሎ ሙቀታቸውን ማየት ጥሩ ልማድ ነው። አንዱ ከሌላው ከሞቀ ችግሩ እዚያው ነው።

ብሬከሩ ፖዘቲቩ ላይ፣ ለባትሪው በተቻለ መጠን ቅርብ ሆኖ ይገጠማል። ሥራው ገመዱን መጠበቅ ነው። ከብሬከሩ በፊት ያለው የገመድ ክፍል ጠባቂ የለውም፤ ስለዚህ ማጠር አለበት። ለ50 አምፔር ሞተር የተለመደው 60 አምፔር ነው። የቤት ብሬከር ግን እንዳታስገቡ። ኤሲ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ዜሮ ስለሚሆን ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። ዲሲ እንደዚያ አያርፍም፤ ለዲሲ ያልተሠራ ብሬከር ሲከፈት ብልጭታው ላይቋረጥ ይችላል።

አሁን ወደ ቻርጁ። የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሦስት ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ቻርጀሩ ባለ በሌለ አምፔሩ ይሞላዋል። ከዚያ ቮልቱ 14.4 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ሲደርስ እዚያው ይዞት አምፔሩን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በመጨረሻ 13.6 አካባቢ አውርዶ ይጠብቀዋል። አስቸጋሪው መካከለኛው ነው። የመጨረሻዋ 20 በመቶ ሰዓታት ትፈጃለች፤ ልትዘለልም አትችልም። ሳይሞላ ወይም ባዶውን የተቀመጠ የእርሳስ ባትሪ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ይጋገርበትና አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ከውሃ በተመለሳችሁበት ቀን ሰኩት፤ ለነገ አትበሉ። የቻርጀሩ ልክ ከባትሪው አቅም ከ10 እስከ 20 በመቶ ይሁን፤ ለ100 አምፔር-ሰዓት ከ10 እስከ 20 አምፔር መሆኑ ነው።

ፈሳሽ ያለው ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ያወጣል። የሚቀጣጠል ጋዝ ነው፤ ስለዚህ አየር በሚገባበት ቦታ፣ ባትሪው የተቀመጠበት ሳጥን ክዳን ከፈት ብሎ ነው ቻርጅ የሚደረገው። የተጣራ ውሃም ይጨመርበታል፤ ግን ቻርጁ ካለቀ በኋላ። ቀድማችሁ ብትሞሉት ሲሞቅ ይገነፍላል። ሰሌዳው ከፈሳሹ በላይ ወጥቶ ከታየ ብቻ እስኪሸፈን ቀድማችሁ ትንሽ ጨምሩ።

ሊቲየሙ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገላግሎኛል፤ የራሱ አመል ግን አለው። በ20 አምፔር ቻርጀር ከባዶ ተነስቶ በ5 ሰዓት ገደማ ይሞላል። ግማሽ ላይ ብተወውም አይከፋውም። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ግማሽ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ የእርሳሱ ግን ሙሉ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ አይደረግም፤ ሴሎቹ ይበላሻሉ። መስጠት ግን በብርዱም ይሰጣል።

የድሮው ቻርጀሬ ለሊቲየም ይሆን እንደሆነ ብዙ አንብቤያለሁ። ቮልቱ ብቻ ቢታይ ይቀራረባል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ የእርሳስ ቻርጀሮች ሰልፌት ለማስለቀቅ ቮልቱን ከ15 በላይ የሚያወጣ ፕሮግራም አላቸው፤ ያ ለሊቲየም አይሆንም። ሌላው፣ ቢኤምኤሱ ባትሪውን ከቆረጠው ቻርጀሩ ዜሮ ቮልት ያይና ባትሪ አልተሰካም ብሎ ሥራ አይጀምርም። የሊቲየም ቻርጀር ግን ባትሪውን ቀስቅሶ ይጀምራል። ለዚህ ስል የራሱን ቻርጀር ገዛሁለት።

ስሰካ ቅደም ተከተሌ አንድ ነው፦ ጀልባው ከውሃ ከወጣ በኋላ ቻርጀሩን ከባትሪው ጋር አገናኛለሁ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ እሰካለሁ። ስነቅልም ከግድግዳው እጀምራለሁ። እንዲህ ከሆነ ብልጭታ ባትሪው ጋ አይፈጠርም።

ወደ 24 ቮልት ስለመሄድ የሚጠይቁኝ አሉ። ሁለት ባትሪ በተከታታይ ስታገናኙ ቮልቱ ይደመራል፣ አምፔር-ሰዓቱ ያው ነው። በትይዩ ከሆነ ተቃራኒው ነው። ባለ 24 ቮልት 80 ፓውንድ ሞተር የሚስበው 56 አምፔር ገደማ ነው፤ ከእኔ 55 ፓውንድ ብዙም አይበልጥም። ተመሳሳይ ገመድ ይዞ ብዙ ግፊት ማግኘት ማለት ነው። ግን ባትሪዎቹ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ አንድ ዕድሜ መሆን አለባቸው። ሊቲየም ከሆኑ ደግሞ በተከታታይ መገናኘት እንደሚችሉ አምራቹ መፍቀድ አለበት። ለእኔ ጀልባ 12 ቮልቱ ይበቃል፤ ከነጭነቷ ከ1,200 ኪሎ አታልፍም። የተለመደው መለኪያ ለየ100 ፓውንድ ክብደት 2 ፓውንድ ግፊት ነው፤ 1,200 ኪሎ 2,650 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ 53 ፓውንድ ግፊት ይበቃታል። ስለዚህ አልቸኩልም።

አሁን እየሞከርኩ ያለሁት የፀሐይ ፓነል ነው። ባለ 100 ዋት ፓነል በጥሩ ፀሐይ ከ5 እስከ 6 አምፔር ያስገባል፤ በመሀሉ ለሊቲየም የሚስተካከል መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። ባትሪዬ የሚይዘው 1,280 ዋት-ሰዓት ነው። ጥሩ ፀሐይ ያለበት ቀን 400 ዋት-ሰዓት ቢያስገባ ከባዶ ለመሙላት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሞተሩን በቀጥታ አያንቀሳቅስልኝም። ከአንዱ ጉዞ እስከ ሌላው ባሉት ቀናት ግን ቻርጀር ሳልሰካ ሊሞላልኝ ይችላል። ፓነሉን የት እንደማስረው ገና አልወሰንኩም፤ ከፊት ካደረግኩት የዓሣ ማጥመጃ መስመር ስወረውር እንቅፋት ይሆንብኛል፣ ከኋላ ካደረግኩት የእኔው ጥላ ያርፍበታል።