ቨርጂኒያ ውስጥ የመምረጥ መብት ማስመለስ፦ ከፎርሙ በፊትና በኋላ

በፌሎኒ (በከባድ ወንጀል) ተፈርዶበት ያጣውን የመምረጥ መብት ለማስመለስ ፎርም ለመሙላት እርዱኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው የምናቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ዜግነት አግኝተዋል ወይ?» የሚል ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረርም ያደርሳል።

ቀጥለን የምንጠይቀው ዛሬ የት እንደሚኖር ነው። ዲሲ ውስጥ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እስር ላይ ያለ ሰው ሳይቀር ይመርጣል። ሜሪላንድም ከ2016 ጀምሮ ከእስር የወጣን ሰው፣ ፕሮቤሽኑን (ከእስር ውጭ በክትትል የሚቆይበትን ጊዜ) ባይጨርስም፣ ትመዘግባለች፤ የሚከለከለው ድምፅ በመግዛት ወይም በመሸጥ የተፈረደበት ብቻ ነው። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ተፈርዶበት አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) የሚኖር ሰው የቨርጂኒያን ገዥ ደጅ መጥናት የለበትም። ተመልሶ ቨርጂኒያ ከገባ ግን ጉዳዩ እንደ አዲስ ይነሣል፤ እዚያ በፌሎኒ የተፈረደበት ሰው ገዥው ካልመለሰለት መብቱ አይመለስም።

አሠራሩም ከገዥ ገዥ ይለያያል። ገዥ የነበሩት ማኮሊፍ በ2016 ወደ 206,000 ለሚጠጉ ሰዎች በአንድ ትእዛዝ መብት ሲመልሱ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «በየግለሰቡ እንጂ በጅምላ አይሆንም» ብሎ ሻረው። ኖርተም በ2021 ከእስር መውጣት በቂ ነው አሉ። ያንግኪን በ2023 እያንዳንዱ አመልክቶ ጉዳዩ በተናጠል እንዲታይ አደረጉ። «ጎረቤቴ እንዲህ አድርጎ ነበር» የሚል ምክር የማይሠራው ለዚህ ነው። የአንድ ሰው ድምፅ በገዥ ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ያሳዝነናል።

ብዙውን ጊዜ የሚፈጀው ግን ወረቀት መመርመሩ ነው። መጀመሪያ የተጻፈውን ክስ ትተን የመጨረሻውን የፍርድ ትእዛዝ እናነባለን። ክሱ ፌሎኒ ሆኖ ተጀምሮ በስምምነት ወደ ሚስዲሚነር (እስከ 12 ወር እስር የሚያስቀጣ ጥፋት) የወረደለት ሰው መብቱን ጭራሽ አላጣም፤ ሳያውቅ ግን ለዓመታት ሳይመርጥ ይቀራል። ተቃራኒውም አለ፦ ከባድ ስርቆት (ፌሎኒ) የሚያሰኘው የዕቃ ዋጋ መነሻ በ2020 ወደ 1,000 ዶላር ከፍ ቢልም፣ ከ2018 በፊት በ300 ዶላር ዕቃ ፌሎኒ የተፈረደበት ሰው ፍርዱ እንዳለ ነው።

የእኛን ሰው የሚያጉላላው ሌላው ነገር ስም ነው። «ገብረማርያም» የሚለው ስም ፍርድ ቤት ሰነድ ላይ ሁለት ቃል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ አንድ ቃል፣ የዜግነት ወረቀቱ ላይ ደግሞ በሌላ ስፔሊንግ ይገኛል። የትውልድ ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ይሳሳታል። ፎርሙ ላይ ስሙን ፍርድ ቤት በጻፈው መልክ እንጽፋለን፤ የተለዩትን አጻጻፎችም አብረን እናሳውቃለን። ማመልከቻው ለኮመንዌልዙ ሴክሬታሪ (ለቨርጂኒያ ግዛት ጸሐፊ) የሚገባ ሲሆን ክፍያ የለውም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ «አስፈጻሚ» ካጋጠመ አይሰጠው።

መብቱ ተመለሰ ማለት ፍርዱ ተሰረዘ ማለት አይደለም። የጦር መሣሪያ መብት ለብቻው በፍርድ ቤት ይጠየቃል። መራጭ ሆኖ መመዝገብም ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፦ የምዝገባው ፎርም በፌሎኒ ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ ሲል፣ «ተመልሶልኛል» ብሎ «አይ» የሚል አለ። መልሱ «አዎ» ነው፤ መብትህ ተመልሷል ወይ ለሚለውም «አዎ»። አውቆ ሐሰት መጻፍ እስከ 10 ዓመት የሚያሳስር አዲስ ፌሎኒ ነውና ፊርማው ከመስፈሩ በፊት ሁለቱን መልሶች ጮክ ብለን እናነብለታለን።