ወፍጮው የታለ?

ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ሰው ሲናገር እጽፋለሁ፣ ማታ አሳጥሬ ሪፖርት አደርገዋለሁ። ጎንደር ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ የሰላም ፕሮጀክት ቢሮ ስሠራ «ጎበዝ ጸሐፊ» ተብዬ ነበር። ጉብዝናዬም ሰው ግማሽ ሰዓት ያወራውን በአንድ መስመር መጨረስ ነበር።

ጊዜው መጋቢት 2015፣ ሁዳዴ ነው። ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 23 የተኩስ ማቆሙ ስምምነት ከተፈረመ አምስት ወር ሊሞላው ነው። ስምምነቱ ግን የፌዴራል መንግሥትና የሕወሓት ነው። በጭልጋና በላይ አርማጭሆ በኩል በአማራና በቅማንት ጎረቤታሞች መካከል እያገረሸ የመጣው ጠብ እዚያ ወረቀት ላይ የለም። እሱ የራሱ ታሪክ አለው። በ1987ቱ ቆጠራ ቅማንት ተብለው የተመዘገቡት ከ170 ሺህ በላይ ነበሩ፤ በ1999ኙ ግን የራሳቸው መስመር አልነበራቸውም። ከዚያ የራስ አስተዳደር ጥያቄው መጣ፣ መስከረም 7 ቀን 2010 በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፣ ነገሩ በዚያ አልበረደም። ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ፣ በ2013 ክረምት ሱዳን ድረስ የተሰደደም አለ። የማንነቱን ክርክር እዚህ አልገባበትም፤ ከእኔ በላይ የሚያውቁ፣ ከእኔ በላይ የሚጣሉበትም ሞልተዋል።

ስብሰባችን ከሁለት አጎራባች ቀበሌዎች ሰው ጠርቶ ፒያሳ አካባቢ ባለ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ቀበሌዎቹን ላይኛውና ታችኛው ልበላቸው። ላይኛው የሚበዙበት ቅማንቶች ናቸው። እንደ ልማዳችን ደብዳቤ ለወረዳ ጻፍን፣ ወረዳው ስም ላከልን። የላከልን ስም ሁሉ ወንድ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ደመወዝ ከወረዳው የሚበላ።

ጠዋት በር ላይ ግርግር ሰማሁ። መዝጋቢዋ አንዲት ስልሳ ዓመት የሚሆናቸውን ሴት አቁማ «እናቴ፣ ደብዳቤው ላይ የሉም» ትላለች። እሳቸው ደግሞ የተጠራው ጎረቤታቸው ልጁ ምጥ ይዟት ስለቀረ «አንቺ ሂጂልኝ» ብሎ እንደላካቸው ያስረዳሉ። በሌሊት በእግር ወጥተው፣ አይከል መኪና ተሳፍረው፣ 60 ኪሎ ሜትር መጥተዋል። ባልደረባዬ አበሉ በማን ስም እንደሚወራረድ ተጨነቀ። በመጨረሻ ገቡ፤ ያስገባናቸው ግን ገብቶን አይደለም፣ የላይኛው ቀበሌ ወንበር ባዶ ሆኖ ፎቶ ላይ እንዳይታይ ነው።

መፈረሚያው ላይ «ብሔር» የሚል ዓምድ ነበረ። ከአናሳ ብሔረሰብ ስንት ሰው እንደተካፈለ ገንዘብ ሰጪው ቁጥር ይፈልጋል። ሴትዮዋ ማንበብ ስለማይችሉ እኔ ልሞላላቸው ጠየቅኋቸው።

«አባቴ ቅማንት ነው። እናቴ አማራ ናት። ባሌም አማራ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። የትኛውን ልትጽፍ ነው?»

«እርስዎ የሚሉኝን።»

«እንግዲያ ሦስቱንም ጻፈው።»

ዓምዱ ጠባብ ነው። «ቅማንት» ብዬ አለፍኩ። ቁጥሩ አንድ አደገ።

ከሰዓት በፊት የተነገረውን አብዛኛውን አላስታውሰውም፤ ማስታወሻዬ ላይም ቢሆን የትኛውም ስብሰባ ላይ ሊነገር የሚችል ነው። ወንዶቹ ተራ በተራ «ሕዝብ ለሕዝብ አልተጣላም» አሉ። ቀበሌ ተቃጥሎ፣ ማን እንዳቃጠለው ሁሉም እያወቀ እንዲህ መባሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ተራው ሴትዮዋ ጋ ሲደርስ የተናገሩት ስለ ወፍጮ ነበር።

ታችኛው ቀበሌ የናፍጣ ወፍጮ አለ። ከላይኛው ወንዙን ተሻግሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከጠቡ በፊት የላይኛው ሴቶች ማሽላቸውንና ዳጉሳቸውን ተሸክመው የሚወርዱት እዚያ ነው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ግማሽ ቀን ቁጭ ይባላል። ማን እንዳረገዘ፣ ማን ልጁን እንደሚድር፣ የማን ላም እንደጠፋች፣ ማን እንደታመመ የሚሰማው እዚያ ነው። መንገዱ ላይ ልጆች ጠመንጃ ይዘው መቆም ሲጀምሩ መውረዱ ቀረ። አሁን እህላቸውን አይከል ድረስ ያስጭናሉ። ድካሙን አነሱና ተዉት።

«ድካሙስ ይሁን» አሉ። «ለቅሶው ነው የጎዳን። እዚያ ሰው ሲሞት የምንሰማው ከሰልስቱ በኋላ ሆነ። ድሮ ወፍጮ ቤት ነበር የምንሰማው፣ እዚያው እህሉን ጥለን ነበር የምንሄድ። ሳንደርስ ስንቀር እነሱ ‹ጠልተውን ነው፣ ሞታችን ደስ ብሏቸው ነው› ይላሉ። እኛም ቤት ሰው ሲሞት እንዲሁ። ተኩሱ የቆመ ለታ ያልነበረ ቂም በለቅሶ ገባ።»

ጻፍኩት። ማለቴ፣ በእኔ ቋንቋ ጻፍኩት።

ከምሳ በፊት ሰብሳቢው ረቂቁን እንዳነብ አዘዘኝ። ተነሥቼ አነበብኩ። ስጨርስ ሴትዮዋ እጃቸውን አወጡ።

«ጨረስህ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ወፍጮው የታለ?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ፈገግ ብዬ «ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ትስስር መላላቱ ተነሥቷል» የሚለው ውስጥ እንዳለ አስረዳኋቸው።

«ትስስር የሚባል ወፍጮ እኔ አላውቅም፣ ልጄ። ለቅሶውስ?»

ለቅሶውም ትስስር ውስጥ ነበር። ሳቁ ግን ቆሟል። ከታችኛው ቀበሌ ሰዎች መካከል ጠዋት አንድ ቃል ያልተነፈሰ ሰው ተነሣና «ወፍጮው የወንድሜ ነው» አለ። ግማሽ ደንበኛው እንደቀረበት፣ ልጆቹን ግን መንገድ ላይ ማን እንዳቆማቸው ደፍሮ ሊጠይቅ እንዳልቻለ ተናገረ። ቀጥሎም «እናታችን ያረፈች ጊዜ ከላይኛው አንድ ሰው አልመጣም። እስከዛሬ ይዤው ነበር» አለ። ሴትዮዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «በእመቤቴ፣ አልሰማንም» አሉ። ሁለት ዓመት ያህል የቆየ ነገር ነው፤ እዚያው በእኛ ፊት ስለ ሟቿ እግዜር ያጥናህ ተባባሉ። ሰብሳቢያችን ሰዓቱን ያያል፤ አጀንዳው ላይ የለማ።

የዚያን ቀን ቁም ነገር የተሠራው ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ነው። የላይኛው ሴቶች ማክሰኞና ዓርብ እንዲወርዱ ተባለ። ዋስ ማን ይሁን ሲባል ወንዶቹ የለመዱትን የሽማግሌ ስም መደርደር ጀመሩ። ሴትዮዋ አቋረጧቸው፦

«ሽማግሌ መንገድ ላይ አይውልም። መንገዱን የሚጠብቁት ልጆች ናቸው። የልጆቹ እናቶች ዋስ ይሁኑኝ። ልጅ ሽማግሌን ባይፈራ የእናቱን ጡት ይፈራል።»

እናቶቹ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አንዳቸውም አልነበሩም። ማንም አልጠራቸውም። በስልክ ተደወለ፣ አንዷ «እሺ፣ ግን እኔም ላይ ወጥቼ የማለቅሰው ለቅሶ አለኝ» ብላ መለሰች። እሱም ተጻፈ፤ በዚህ ጊዜ እንደተባለው።

ሪፖርቱን በላክሁ ጊዜ አለቃዬ መለሰልኝ። «ይኼ ሪፖርት ነው ወይስ የወፍጮ ቤት ወሬ?» የሚል ማስታወሻ ነበረበት። ተከራከርኩ ብል ውሸት ነው። ወደ ላይ የሚሄደው ላይ ትስስሩን መለስኩለት፣ ወፍጮውን አባሪ አደረግሁት። አባሪ ማንም እንደማያነብ እያወቅሁ። «ብሔር» የሚለው ዓምድም እስከ ፕሮጀክቱ ፍጻሜ አልተነሣም፤ እኔ ብቻ ከዚያ ወዲህ ሰው ሦስት ሲለኝ ሦስት እጽፍ ጀመር። የቁጥር ሠራተኛዋ ድምሩ አልገጥም አላት።

በሰኔ ሴቶቹ መውረድ እንደጀመሩ በስልክ ሰማሁ፤ መጀመሪያ ሁለት አህያ ብቻ፣ ኋላ እየበዛ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መንገዱም ተዘጋ። ፕሮጀክቱም በዚያው ቀረ።

ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ሴትዮዋ ናቸው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥተው ነው መሰል ነፋሱ ይሰማል። የልጆቼን ጤና ጠየቁኝ፣ የዝናቡን ነገር ነገሩኝ። እኔ አላስችል ብሎኝ «ወፍጮውስ?» አልኩ።

«ቆሟል። ናፍጣ ከየት ይምጣ?»

«ውይ።»

«የባለ ወፍጮው አማት አርፋ ነበር ግን» አሉ። «ቀብሩ ላይ ደርሰናል።»