ኅዳር ሲታጠን ያጠብኩት ድንጋይ

ዛሬ ጠዋት የውሃ መመርመሪያዋን ወረቀት የዓሣዎቼ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጌ አወጣኋት። ናይትራይት የሚባለውን ዓሣ የሚመርዝ ነገር የሚለካው ጫፏ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከኅዳር ወዲህ ሮዝ ሳይሆን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። "ነጭ መሆኑ ደግ ነው?" አለችኝ። ደግ ነው። በጣም ደግ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ስለ ጓሮው ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። የሆነውን ሳልጽፍ ደግሞ ስለ አዲሶቹ ችግኞች ማውራት አልሆነልኝም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ጓሯችን ውስጥ አፉ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ሮቶ አለ፤ 500 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ቆሮሶ የሚባሉት ዓሣዎቼ የሚኖሩት እዚያ ነው። ከበላዩ ለሁለት የተሰነጠቀ ሰማያዊ በርሜል ሬድ አሽ በሚባለው ቀዳዳ በበዛው ቀይ ድንጋይ ተሞልቶ ተቀምጧል። ትንሽዬ ፓምፕ የዓሣዎቹን ውሃ ወደ ድንጋዩ ትልከዋለች። አትክልቱ የሚፈልገውን ይወስዳል፤ የተጣራው ውሃ ተመልሶ ሮቶው ውስጥ ይወርዳል። አፈር የለውም። አኳፖኒክስ የሚባለው ይሄ ነው።

ስጀምር ዓሣና ሰላጣ የማረባ መስሎኝ ነበር። ሥራውን የሚሠሩት ግን በዓይን የማይታዩት ናቸው። ከዓሣ የሚወጣው አሞኒያ ነው፤ ያ ደግሞ ራሱን ዓሣውን ይመርዘዋል። በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል፤ ተክል የሚወደው ይሄኛውን ነው። እስኪበዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። እኔ ጋ ስድስት ሳምንት ፈጀባቸው። መጋቢት ላይ ውሃው ሲረጋጋ 25 የቆሮሶ ጫጩት ከሰበታ አመጣሁ።

ክረምቱ ቀላል አልነበረም። ቆሮሶ ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲያገኝ ነው ደህና አድርጎ የሚያድገው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሐምሌ ላይ ቴርሞሜትሩ 17 ሲያሳይ ምግባቸውን ጨርሶ ተዉት። የምሰጣቸው ፉርሽካና ፋጉሎ እታች እየተቀመጠ ውሃውን አደፈረሰው። ሁለቱ በዚያ ሰሞን ሞቱ። ሰላጣውን በረዶ መታው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ደግሞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ፓምፑ ቆመ። ትንሽ ቆይተው ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ከፈት ከደን ያደርጉ ጀመር፤ አየር አጥሯቸዋል። በጆግ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ እያፈሰስኩ መለስኩት። እማዬ ጋቢዋን ደርባ ወጣች፤ ሌላ ጆግ ይዛ መጣች። በስልክ መብራት እየተፈራረቅን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አፈሰስን። አንድም አልሞተም። ያን ሌሊት መቼም አልረሳውም።

ከዚያ ኅዳር 12 መጣ። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ በሙሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው። እኔም ጠርጌ ስጨርስ ዓይኔ በርሜሉ ላይ አረፈ። ድንጋዩን ቡናማ ዝልግልግ ነገር ሸፍኖታል። አስጠላኝ። የዕለቱ ፈረቃ የእኛ ስለነበር የቧንቧ ውሃ ነበረን። ድንጋዩን እያፈስኩ ቀይ ቀለሙ እስኪያበራ በጎማው አጠብኩት። ሮቶውንም ግማሹን ቀይሬ በዚያው በቧንቧ ውሃ ሞላሁት። ሌላ ጊዜ ባክቴሪያ የሚገድለው ክሎሪን እንዲወጣ ውሃውን ሁለት ቀን ክፍት ባልዲ ውስጥ አቆየዋለሁ። ያን ቀን ቸኮልኩ።

ያ የሚያዳልጠው ነገር ራሱ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበት ነበር። የስምንት ወር ልፋት በአንድ ከሰዓት ታጥቦ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ስወጣ ዓሣዎቹ ሁሉም ላይ ላይ ነበሩ። ፓምፑ እየሠራ አፋቸውን ይከፍታሉ። ወረቀቷ ደማቅ ሮዝ ሆነች። ያለኝን የቆየ ውሃ ሁሉ ቀየርኩላቸው፤ ግን ዘግይቻለሁ። በሳምንቱ 14 ሞቱ። አንዷን በእጄ ይዤ ቆየሁ። መዳፌን እንኳን አትሞላም። ጀርባዋ ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች ገና አልደበዘዙም ነበር። እማዬ ምንም አላለችኝም። ዶማ አመጣችና ጎመኗ መደብ ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፈረችላቸው።

ዘጠኝ ተረፉ። ለገና አንድ ሁለቱን ልንጠብስ አስበን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳውም። በአንደኛው ግማሽ በርሜል ግርጌ ሳላጥበው የቀረ ድንጋይ ነበር። የባክቴሪያዎቹ ዘር የተረፈው እዚያ ነው። ምግብ ቀነስኩ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ ቀየርኩ፤ ጠበቅኩ። ብርዱ ባክቴሪያዎቹንም ያደክማል፤ ታኅሣሥ አልቆ ወረቀቷ አሁንም ሮዝ ነበረች።

የእማዬን ጎመን በዚህ መሃል ክሽክሽ የሚባለው ትንሽዬ ተባይ ወረረው። እሷ አመድ ነስንሳበት ተገላገለች። እኔ በርሜሉ ላይ ያችኑ ክሽክሽ ባገኝ አመድም ሳሙናም አላስጠጋም፤ የሚነካው ዓሣውን ነው። ቅጠል በቅጠል በጣቴ እየጠረግኩ ነው የማነሳት።

ዛሬ 12 የሰላጣ ችግኝ ተከልኩ። ድንጋዩ እንደገና ቡናማ መልበስ ጀምሯል፤ ስነካው ጣቴን ያዳልጠዋል። ክንፉ የተቆረሰው ትልቁ ዓሣ እጄን ሲያይ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። እማዬ ቆማ ስታይ ቆየችና "እዚህች ጋ በሶብላ ይሆናል?" ብላ ጠየቀችኝ። በስተግራ በኩል ጥጉን ለእሷ ተውኩላት።