ብርድ ሲሆን ብቻ የምትናገር መኪና

ዛሬ ጠዋት ሞተር አስነስቼ ዳሽቦርዱ ላይ አፈጠጥኩ። ቢጫዋ የቼክ ኢንጂን መብራት የለችም። ከኅዳር ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ አብራኝ ስትጓዝ ነበር።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። የ2004 ሞዴል ኮሮላ፣ 1800 ሲሲ። አባቴ ሞተር ሲያስነሳ ሬዲዮ አያስከፍትም ነበር። መጀመሪያ ድምፁን ይሰማል፣ ከዚያ ነው የምንሄደው። እሱ ካረፈ በኋላ መኪናዋ እኔ እጅ ስትገባ አደራ ነው ያልኩት። ለዚህ ነው ቼክ ኢንጂን መጀመሪያ ሲበራ የደነገጥኩት።

መብራቷ በርታ ቀረች እንጂ ብልጭ ድርግም አላለችም። ልዩነቱን ያኔ ባውቀው ኖሮ እንዲያ አልረበሽም ነበር። ብልጭ ድርግም ካለች ሞተሩ ቤንዚኑን በትክክል እያነደደ አይደለም፤ ያልነደደው ወጥቶ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) ያቃጥለዋል። ያኔ ዳር ይዞ መቆም ነው። በርታ ከቀረች ግን ረጋ ብሎ ለማስመርመር ጊዜ አለ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ የባትሪውን ገመድ ነቅለው መለሱት። መብራቷ ጠፋች። በሦስተኛው ቀን መልሳ በራች። ለካ የጠፋው ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ማስታወሻ ነው፤ በሽታው እዚያው ነው። ደግሞ ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለውን ብልሽት አንዴ ስላየው ብቻ መብራት አያበራም። በሚቀጥለው ጉዞም ሲያገኘው ነው የሚያበራው።

ሁለተኛው ጋራዥ ኮዱን አነበቡልኝ፤ ፒ 0171። ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። "ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው" ብለው ቀየሩት። ያ ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል። ሴንሰሩ እኮ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ለክቶ ለኮምፒውተሩ የሚናገር ወሬ ነጋሪ ነው። አየር በዝቷል ብሎ ስለተናገረ እሱን አውጥተው ጣሉት። አዲሱም ያንኑ ተናገረ።

አንድ ጎረቤቴ ደግሞ "የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው" አለኝ። አመንኩት። ግን አይደለም። የአየር ሴንሰሩ የሚለካው የሚገባውን አየር ክብደት ነው። አየሩ ስስ ከሆነ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሦስተኛው መካኒክ ወጣት ልጅ ነው። ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ጠየቀኝ።

"እህቴ፣ መቼ መቼ ነው የምትበራው?"

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "ጠዋት ጠዋት" አልኩት። "ሞተሩ ሳይሞቅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይተወዋል።"

"እንግዲያው ዛሬ አልነካትም። እዚሁ ትደር፣ ነገ በጠዋት ነይ።"

በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ከአፋችን እንፋሎት ይወጣል። መመርመሪያውን ከመሪው ሥር ሰክቶ ሞተሩን አስነሳ፤ ትንሽ ጠብቆ ስልኩ ላይ አንድ ቁጥር አሳየኝ። ኮምፒውተሩ ከተለመደው በላይ 28 በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ነበር። ቀስ ብሎ ነዳጅ ሰጠ። የሞተሩ ዙር በደቂቃ 2500 ሲደርስ ቁጥሩ ወደ 6 ወረደ። "የሆነ ቦታ አየር ሴንሰሩ ሳይለካው በስርቆት እየገባ ነው" አለኝ። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ ስርቆቱ ጎልቶ ይታያል። ዙሩ ሲጨምር ግን ከብዙው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል።

ከዚያ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ አምጥቶ የአየር ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ) ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ላይ በጥቂት በጥቂቱ ነፋ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ስፕሬዩ በቀዳዳው ገባና የሞተሩ ድምፅ ተቀየረ፤ ዙሩ ከፍ አለ። መልሶ ነፋ። እንደገና ከፍ አለ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ በርቷል። (ስፕሬዩ እሳት ይይዛል። ይህን በጋለ ሞተር ላይ ማንም እንዳይሞክረው።)

ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ነው። በእሱና በሞተሩ መካከል አየር እንዳያልፍ የሚደፍነው ጎማ፣ ጋስኬቱ፣ አርጅቶ ደርቋል። ሞተሩ ሲሞቅ ጋስኬቱ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። እኔ ሁልጊዜ ከተማውን አቋርጬ፣ ሞተሩ ግሎ ነበር ጋራዥ የምደርሰው። ያኔ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም።

አሮጌውን ጋስኬት ሲያወጣው ተቀበልኩት። ጎማ መሆን ሲገባው ስጫነው አይሰምጥም። ጠርዙ ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ሆኗል። ይህችን ነገር ለማግኘት ስንት ነገር ተቀየረ! የእሷ ዋጋ የሴንሰሩን ሩብ እንኳ አይሞላም።

ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ነው። ብርዱ አልለቀቀም፣ ሞተሩ ግን አይንቀጠቀጥም። እጄን ወደ ሬዲዮው ሰድጄ መለስኩት።

"እማዬ፣ ለምን አንሄድም?" አለችኝ ልጄ ከኋላ።

"ቆይ" አልኳት፣ "አንዴ ልስማት።"