ደብተሬን የሸሸገልኝ ቅዱስ ገብርኤል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልነውን ጥላ አስገብተናል፤ ምስክርነቱ ግን እስከ ዛሬ ዕዳ ሆኖብኝ ቆይቷል።

ጋዜጠኛ ነበርኩ። በ2006 ዓ.ም. ክረምት በአምስት መጽሔቶችና በአንድ ጋዜጣ ላይ ክስ መመሥረቱ ሲነገር ባልደረቦቼ ወደ ናይሮቢ መሰደድ ጀመሩ። ተራው የእኔ መሆኑ ገባኝ። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ደብተሬ ነበር። በፀረ ሽብር አዋጁ የታሰሩ ሰዎችን ቤተሰቦች እያነጋገርኩ የጻፍኩበት ነው። ትቼው እንዳልሄድ የእናቶች አደራ፣ ይዤው ብያዝ እነርሱን ማስያዝ። ለጥንቃቄ እስረኞቹን ሁሉ በክርስትና ስም ነበር የመዘገብኳቸው። አንዲት ሙስሊም እናት ልጇ ወልደ ሚካኤል መባሉን ስትሰማ ስቃብኛለች።

ልሄድ ስል ሌሊት እናቴ ስትሰግድ ሰማኋት። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ የእነዚህን ልጆች ስም ሰውርልኝ» ትላለች። ስለ እኔ አንድም ቃል አላነሣችም፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ።

ያቤሎ ሳንደርስ አውቶብሱ ለፍተሻ ቆመ። ፖሊሱ ሻንጣዬን በርብሮ ደብተሩን አወጣ። ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገለጠና «ወልደ ገብርኤል፣ ወለተ ሥላሴ፣ ወልደ ሚካኤል…» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ቀጣዩን ቅጠል ቢገልጥ ሁሉም ነገር በዝርዝር ተጽፏል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«እናቴ በጸሎት የምታስባቸው ናቸው» አልኩት፤ ውሸት አልነበረም።

ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔንም ኃይለ ጊዮርጊስ ብለህ ጻፈኝ» አለ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩት። እናቴ እስካሁን ከሌሎቹ ጋር ትጠራዋለች።

የናይሮቢን የስደት ኑሮ የቀመሰ ያውቀዋል፤ አላበዛውም። ያው ደብተር የሥራ በር ከፈተልኝ፤ አንድ የመብት ተሟጋች ድርጅት አያያዜን አይቶ ተመራማሪ አድርጎ ቀጠረኝ። ጋዜጠኛ ሳለሁ ጭንቀቴ ጽሑፉ ማተሚያ ቤት በሰዓቱ መድረሱ ነበር። አሁን የአንዱን ቃል ከሌላ ምስክር፣ ከሐኪም ማስረጃና ከፍርድ ቤት መዝገብ ጋር ሳላስተያይ አንድ መስመር አላወጣም። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ስለ ተአምር ይናገራል የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ሁለተኛ ምስክር አምጣ ብባል የለኝም፤ ያየሁትን ግን አይቻለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ብዙ የፖለቲካ እስረኞች ሲፈቱና ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እስር ቤት ሲዘጋ ከስሞቹ አጠገብ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። የመብት ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አስሮ የያዘው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ፤ እኔም ያንኑ ሥራ አገሬ ገብቼ ልሠራ ቻልኩ። በተከተለው ታኅሣሥ 19 ከእናቴ ጋር ቁልቢ ወጣን። ጥላውን አላስይዝም ብላ ዳገቱን ራሷ ተሸክማ ወጣችው።

ምልክት ያላደረግሁባቸው ስሞች አሁንም አሉ፤ ቤተሰቦቻቸው የት እንደደረሱ አያውቁም። ወለተ ሥላሴንና ወልደ ገብርኤልን በጸሎታችሁ አስቡልኝ።