ትምህርተ ጥቅስ

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የእርጥበት መለኪያዋ 61 ላይ ቆማለች፤ እኔ የምፈልጋት ከ50 በታች ነው። እንዲህ ባለ ቀን የድሮ ወረቀት እንደ ሰው ይደብረዋል። ጠርዙ ይኮማተራል፣ የጓዳ ሽታው ይነሳል። እኔም አብሬው ደብሮኝ ነው መሰለኝ፣ አንዲት የመዝገብ ካርድ መሙላት አቅቶኝ ተቀምጫለሁ። ልማዴ ነው፦ ለምሰበስበው ለእያንዳንዱ የድሮ ፖስተር አንድ ካርድ፣ በእርሳስ፣ በአማርኛ። እስክሪብቶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም።

ሚንስትሬል ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው፣ ጥቁር መስለው የሚያላግጡበት የድሮ የአሜሪካ መድረክ ትርኢት ነው፤ በኋላ ጥቁሮችም ገቡበት። የሚንስትሬል ፖስተር ካርድ መሙላት ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ልኩ። ለሱቅ መስኮት የተሠራው ካርቶን 14 በ22 ኢንች ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው አንድ ሉህ 28 በ42 ገደማ። ከካርቶኑ አናት ላይ ባዶ ቦታ ካለ የጎደለ ነገር የለም፤ ቡድኑ በሚደርስበት ከተማ የቲያትር ቤቱ ስምና ቀኑ የሚታተመው እዚያ ላይ ነበር። ፍሬም ውስጥ እንዲገባ ብሎ ያንን የቆረጠ ሰው ግማሽ ታሪኩን ነው የጣለው።

ቀጥሎ እውነተኛ ነው ወይስ ቅጂ? (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) የአሜሪካ ሲንሲናቲው ማተሚያ ቤት ስትሮብሪጅ በ1900 ለዊልያም ዌስት የሚንስትሬል ቡድን ያተመው አለ፤ አንዱ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተስሏል፣ አንዴ በገዛ ነጭ ፊቱ፣ አንዴ ጥቁር ለመምሰል የተቃጠለ ቡሽ ተቀብቶ። የአሜሪካው ኮንግረስ ላይብረሪ ምስሉን ለሁሉም ክፍት ስላደረገው ቅጂው እንደ አሸዋ ነው። በ10 እጥፍ ማጉያ ጉንጩን ማየት ይበቃል። የድንጋይ ሊቶግራፍ (ድንጋይ ላይ ተስሎ የታተመ) ከሆነ ነጥቦቹ በእጅ የተነጠቡ ናቸው፤ አንዱ ወፈር አንዱ ቀጠን ብሎ እንደ ተበተነ ጤፍ ዝብርቅርቅ ይላሉ። ተሰልፈው ትንንሽ አበባ ከሠሩ የኋለኛ ዘመን ማተሚያ ሥራ ነው። ከዚያ መብራት አጥፍቶ የ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ባትሪ ማብራት። ከ1950 ገደማ ወዲህ ወረቀት ውስጥ የሚጨመረው ማንጫ በኦሞ እንደ ታጠበ ነጠላ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይበራል፤ ኦሞ ውስጥ ያለውም የዚያው ዘመድ ነው። የድሮው ወረቀት እንደ ደበዘዘ ይቀራል።

በእንጨት ፊደል የታተሙት ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አሜሪካ ናሽቪል ያለው ሀች ሾው ፕሪንት ከ1879 ጀምሮ ያለ ማተሚያ ቤት ነው፤ ጥቁሮች በድንኳን እየዞሩ ለሚያሳዩት ለራቢትስ ፉት እና ለሳይላስ ግሪን ቡድኖች ያትም ነበር። ከድሮ የእንጨት ቅርጾቹ ዛሬም እያተመ ይሸጣል። ስለዚህ ቀለሙ ላይ የእንጨቱ ጅማት ታየኝ ብሎ መደሰት አይገባም። ቅርጹ የጥንት፣ ወረቀቱ የትናንት ሊሆን ይችላል።

ስንጥቅ ካለ ፕላስተር ክልክል ነው፤ ሙጫው ውስጥ ይሰርግና ቡናማ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ በእያንዳንዱ ቀለም ጥግ ላይ አንድ ጠብታ የተጣራ ውሃ ጣል አድርጎ በነጭ መምጠጫ ወረቀት ጫን ማለት። ከለቀቀ፣ ቀይ ደግሞ ይለቃል፣ እጅን መሰብሰብ ነው። ካልለቀቀ የስንዴ ስታርች አንድ እጅ በውሃ አምስት እጅ፣ ሰዓት ያህል ዘፍዝፎ ግማሽ ሰዓት ሳያቋርጡ ማማሰል፤ ሲበርድ ሁለት ጊዜ በወንፊት ማሳለፍና ከገንፎ ቀጠን፣ ከአጥሚት ወፈር እስኪል ማቅጠን። ዱቄት ግን አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ተባይም ይጠራል። የጃፓን ስስ ወረቀት በመቀስ ሳይሆን በእጅ ተቀዶ፣ ቃጫው ጠርዙ ላይ እንደ ጸጉር ወጥቶ፣ ሙጫው እሱ ላይ ተቀብቶ ከጀርባ ይለጠፋል። በላዩ መምጠጫ፣ በላዩ ክብደት። ከ20 ደቂቃ በኋላ መምጠጫውን ቀይሮ ማሳደር። የቸኮለ ሰው ሥራው ይጠቀለልበታል።

አሁን ፊቴ ያለው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። የ1840ዎቹ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በጥቁር ቀለም ብቻ የታተመ። ከጨርቅ የተሠራ ወረቀት ስለሆነ ከ50 ዓመት ታናሹ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ በኋላ የመጣው የእንጨት ወረቀት በራሱ አሲድ ራሱን ይበላል። ልኩ ተጽፏል፣ ሁኔታው ተጽፏል። የቀረው ስሙ ነው። አናቱ ላይ በትልቁ በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያን» ይላል፤ ኢትዮጵያዊ ማለት ነው።

አገራችን አይደለችም። በ1843 ኒው ዮርክ ላይ የተነሱት ቨርጂኒያ ሚንስትሬልስ ራሳቸውን የኢትዮጵያ ባንድ አሉ። ኢትዮጵያን ሴሬናደርስ የተባሉት በ1844 ዋይት ሐውስ ገብተው ለፕሬዝዳንት ታይለር ተጫወቱ። አንዳቸውም ኢትዮጵያዊ አልነበሩም፤ ቡሽ የተቀቡ ነጮች ናቸው። እኛ ያኔ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነን፣ ፈረንጅም የሚጠራን አቢሲኒያ እያለ ነው። ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ አንስተው ለጥቁር ሁሉ ለጠፉት። ኤርምያስ ኢትዮጵያዊ መልኩን ሊለውጥ ይችላልን ብሎ ነበር፤ እነዚህ ማታ ለውጠው ከትርኢቱ በኋላ በሳሙና ይታጠባሉ።

እና ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ? «የኢትዮጵያ ባንድ» ካልኩ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ይመስላል። «ኢትዮጵያን» ብዬ በእንግሊዝኛ አፍ ብተወው እውነት ነው፣ ግን መሸሽ ነው። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ላስገባው? ያኔ ደግሞ ጥቅሱ ስሙን እነሱ እንደ ቀቡት መልሶ የሚቀባው ይመስለኛል። ጻፍኩ፣ በላጲስ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ።

ሰዓቱ ሄዷል፣ መለኪያዋ 63 ገብታለች፣ የእርጥበት ማድረቂያውንም እስካሁን አላበራሁትም። የ180 ዓመቱ ወረቀት ደህና ነው። የተቀደደው የኔው ካርድ ነው፣ ልክ ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ላይ። ለሃምሳ ሳንቲም ካርድ ስታርች ላማስል ይሆን?